የአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ዕጣ፦ ከአደሊን እስከ ኖ ክሊሼ

በ1992 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው «አሎን ኢን ዘ ዳርክ» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ ፈረንሳዊውን ፍሬደሪክ ሬናልን ለዝና አበቃው። ሬናል ግን አሳታሚውን ኢንፎግራምስን ለቅቆ፣ በ1993 ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በሊዮን ከተማ አደሊን ሶፍትዌርን መሠረተ፤ ይህም የዴልፊን ሶፍትዌር እኅት ኩባንያ ነበር። በ1994 የወጣው «ሊትል ቢግ አድቬንቸር» የቡድኑን መልክ ያሳያል፤ ተጫዋቹ የባለታሪኩን የትዊንሰንን ጠባይ መደበኛ፣ ፈጣን፣ ቁጡ ወይም ጥንቁቅ እያደረገ አምባገነኑን ይታገላል። ሁለተኛው ክፍል በ1997 ታተመ።

በዚያው ዓመት ቡድኑ ወደ ሴጋ ተዛውሮ ኖ ክሊሼ ተባለ፤ በ1999ም ለድሪምካስት «ቶይ ኮማንደር»ን ሠራ። ይሁን እንጂ ለአንድ መሣሪያ ብቻ መሥራት ዕጣን ከመሣሪያው ዕድሜ ጋር ማሰር ነው። ሴጋ በ2001 የድሪምካስትን ምርት ሲያቆም «አጋርታ» የተባለው ጅምር ሥራ ተቋረጠ፤ ስቱዲዮውም ተዘጋ።

የፈረንሳይ መንግሥት በ2006 ለሬናል የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሸለመው። ክብሩ ሲደርስ ስቱዲዮው አልነበረም። ከዚህ እንደሚታየው የአነስተኛ ስቱዲዮ ህልውና የሚወሰነው በሥራው ጥራት ብቻ ሳይሆን በባለቤቱ ውሳኔም ጭምር ነው።