የላባ ዝንብና የብርብራ ዱቄት

ሰው አንድን ነገር ለማግኘት የሚመርጠው መንገድ፣ ካገኘው ነገር ይልቅ ጠባዩን ይገልጣል። ይህን የተማርሁት ከታላላቅ መጻሕፍት ሳይሆን ከዓሣ ነው።

የተወለድሁት በእስቴ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሣው ጉማራ፣ በአገራችን ዳርቻ አልፎ ወደ ጣና ይወርዳል። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን በጠጠር ላይ ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ይዋኛል። እኛ ልጆቹም ይህን ጊዜ ጠብቀን ወደ ቆላው እንወርድና፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ዱቄቱን በወራጁ ውኃ ላይ እንበትን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሰክሮ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል። ትልልቁን በቅርጫት ለቅመን፣ ጣት የሚያህለውን ከጠጠሩ ላይ ጥለነው እንሄዳለን። አንድ ቀን አክስቴ ቅርጫቱን አይተው፣ «የዘንድሮውንስ በላችሁት፤ የከርሞውን ለምን ገደላችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዳሩ ግን በማግሥቱ ተመልሼ ወረድሁ።

ከብዙ ዘመን በኋላ በአሜሪካ ከውቅያኖስ ዳር የሚኖር ዘመዴ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ላከልኝ። በዚያ አገር «ዝንብ» ይሉታል፤ ስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ ከመዳፍ ይረዝማል። መንጠቆው የባሕር ጨው እንዳይበላው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። ጅራቱ የአጋዘን ጠጉርና ረጃጅም የአውራ ዶሮ ላባ ሲሆን፣ ራሱ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ቀላል ስፖንጅ ነው። ግንባሩ እንደ ጽዋ ስለ ጎደጎደ፣ ክሩ በተሳበ ቁጥር ውኃውን ይገፋል፣ ድምፅ ያሰማል፣ አረፋም ይረጫል። ከሥር የሚያደባው ትልቅ ዓሣ፣ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚንፈራገጥ መስሎት ይዘልበታል።

እኔም እንዲህ ያለውን ለመሥራት ተነሣሁ። ላባውን ከአውራ ዶሯችን፣ ጠጉሩን ከነጭ ፍየል፣ ራሱን ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል አዘጋጀሁ። በመጀመሪያው ቸኰልሁና ራሱን በባዶው ብረት ላይ ሰካሁት፤ ከውኃ ሲያርፍ ተሽከርክሮ በጎኑ ተኛ። ሁለተኛውን አሳምራለሁ ብዬ ጠጉር አበዛሁበት፤ ውኃ ጠጥቶ ሰጠመ። በሦስተኛው ግን አስቀድሜ ብረቱን ከዳር እስከ ዳር በክር ጠመጠምሁ፤ ጠጉሩን በጥቂት በጥቂቱ አሰርሁ፤ ላባውን በግራና በቀኝ አስተካከልሁ፤ ራሱንም ከሥሩ ሰንጥቄ በክሩ ላይ በሙጫ አጣበቅሁት። ያን የውስጥ ጥምጥም ማንም አያየውም፤ ሁሉን የተሸከመው ግን እርሱ ነው።

በጣና ከሚገኙት 15 ታላላቅ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸውና፣ የሸምበቆ ዘንጌን ይዤ ጉማራ ከሐይቁ ወደሚገባበት ሄድሁ። ግማሽ ቀን በከንቱ ወረወርሁ። ከዚያ ውኃው ተናወጠ፣ ክሩ ተወጠረ፣ አንዲት ነጭ ዓሣ ሳብሁ። ሆዷ በዕንቁላል ተነፍቶ ነበር። የአክስቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ መንጠቆውን ከከንፈሯ ነቅዬ ለቀቅኋት። የዚያን ዕለት ራቴን በሽሮ በላሁ።

የላባው ዝንብም ማታለያ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በመንጠቆ የያዘ ሰው የያዘውን አይቶ ለማሰብ፣ ቢጸጸትም ለመመለስ ጊዜ አለው። ብርብራ የበተነ ሰው ግን ቢጸጸት እንኳ ዱቄቱን ከወራጅ ውኃ መልሶ አይሰበስበውም። ሳይመርጥ የሚፈጅ መረብም እንዲሁ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ባለው ጊዜ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ የነጭ ዓሣው መጠን በሦስት አራተኛ ያህል የቀነሰው፣ በዋናው ዕንቁላል ሊጥል በየወንዙ አፍ የተሰበሰበው በመረብ ስለ ታፈሰ መሆኑን ጥናት አሳይቷል።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ሐሜትም፣ ቁጣም፣ በአቋራጭ የተገኘ ገንዘብም እንደ ብርብራ ናቸው፤ ፈጥነው ይሠራሉ፣ የሚጥሉትንም አይመርጡም። ስለዚህ አንድ ሥራ ስትጀምር፣ «ምን ያህል አገኛለሁ?» ከማለትህ በፊት፣ «ስሕተቴን ያየሁ ዕለት እጄን ከፍቼ ለመልቀቅ እችላለሁን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።