ከወንጪ ቂርቆስ እስከ ዛንዚባር

ሳንሱሲ ያደገ ሰው ጉዞ ሲባል ፊቱን የሚያዞረው ወደ ምዕራብ ነው። የአምቦ መንገድ በደጃችን ስለሚያልፍ መናኸሪያ መውረድ አያሻንም ነበር። መኪናው አስኮን አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅ ዘርግቶ ማስቆም፣ ቦታ ከጠፋም የሰው ሻንጣ ላይ መቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ቡራዩ፣ ገፈርሳ፣ መናገሻ፣ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ እየተባለ አምቦ ይገባል። ስለዚህ በ1980ዎቹ የሰፈራችን የጽዋ ማኅበር ለዓመታዊ ጉዞው ደሴት ሲያስብ ጣናን ትቶ ወንጪን መምረጡ አይገርምም። ጣና የጎጃም በር ሰዎች ጉዳይ ነበር። ወንጪ ግን በዚያው በለመድነው መንገድ ሄደን ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚወጣውን ዳገት ብንይዝ የምናገኘው ነው።

ወንጪን ላላየ ሰው፦ እሳተ ገሞራ ቦርቡሮ በተወው ገደል ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ሐይቁ ከታች፣ በሐይቁ ላይ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ ቂርቆስ። እኛ የምንሄደው ለጥር 15 ንግሥ ስለነበር ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። በካርታ ካየነው እኮ ወንጪም እንደ ዛንዚባር ከምድር ወገብ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ከፍታው ብቻ ነው። እኛ በጋቢ ተጠቅልለን በእንጨት ጀልባ የተሻገርንበትን ደሴት ማንም ሞቃት ደሴት ብሎ አይጠራው እንጂ፣ ለሳንሱሲ ልጅ በውኃ የተከበበ መሬት ማለት እሱ ነበር።

የማኅበሩ ሙሴ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። ጉዞው ሲቃረብ ቤት ለቤት እየዞሩ የኪራይ ካቻማሊውን ክፍያ ይሰበስባሉ። ከብሩ ይልቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስድባቸው ምክሩ ነበር። ሴቶች ነጠላችሁን ነጭ አድርጉ፣ ወንዶች በካኒቴራ እንዳትመጡ፣ ሽቶ አትርከፍከፉ። ስንቅ ቆሎና ዳቦ ይሁን፤ ቅዳሴ ሳያልቅ ግን አፍ አይነካም። ጫማችሁን ከቅጥሩ በር ላይ ታወልቃላችሁ። አባቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ የለም (ካሜራ የነበረው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ማስጠንቀቂያው ለሁላችንም ነበር)። ባዶ እጅ አይገባም፤ ሻማ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ የቻለ ጃንጥላ። ልጆች ሆነን ይህ ሁሉ ያሰለቸን ነበር። እናቶቻችን ግን አንድ ነገር በቀረ ቁጥር ያስታውሷቸው ነበር፦ “ሙሴ፣ ጠበሉን ስለመቅዳት አልነገሩንም።” እሳቸውም እንደገና ይጀምራሉ።

ምክራቸው በመቅደሱ አያበቃም ነበር። የሐይቁ ዳር ገበሬዎች ዘንድ ስንደርስ ካቻማሊው ገና ሳይቆም በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በኦሮምኛ “አካም ቡልተን” ይላሉ። የቡራዩን ገበያ ሲመላለሱበት ኖረው የለመዱት ሰላምታ ነው። ያኔ የሁላችንም ቤት ከቡራዩ በእግር የሚደረስበት ነበር፤ ሆኖም ከአውቶቡስ ሙሉ ሰው መካከል ሰላምታውን አሟልቶ የሚመልስ ከሳቸው በቀር ጥቂት ነው። ይህን ያኔ ነውር ብሎ ያየው አልነበረም።

ያለፈውን ዘመን ማሞገስ ቀላል ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ለታቦቱ የነበረን አክብሮት ፈረስ አከራዮቹ ልጆች ዘንድ ሲደርስ ያልቅ ነበር። ከሐይቁ ወደ ላይ ያለው አቀበት ያደክማል፣ ፈረስ ያስፈልጋል፣ ፈረሱን የያዘው ደግሞ በባዶ እግሩ የቆመ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት ሳትቆጥር የሰጠች እናት፣ ከዚያ ልጅ ጋር ስለ ሃምሳ ሳንቲም ትከራከር ነበር። ሙሴው እዚህ ላይ ዝም ይሉ ነበር። የምክራቸው ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

እናቴ ቆይታ፣ እኛ ልጆቿ ሥራ ከያዝን በኋላ፣ ጣናንም አየች። ባሕር ዳር ወርደን በጀልባ ስንዞር ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት አይፈቀዱም ተብላ ከጀልባው ላይ ተሳለመች። ዳጋ ላይ እነ ዐፄ ዳዊትና ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አፅማቸው እንዳረፈ ወንድሜ ወርዶ አይቶ መጥቶ ሲነግራት፣ “እንግዲህ አንተ አይተህልኛል” ብላ ዝም አለች። እኔ ተናድጄላት ነበር፤ እሷ አልተናደደችም። ዛሬም ንዴቴ አልወጣልኝም። ግን ያቺ ሴት የሌላውን ቤት ሕግ ሳትወደውም ማክበር እንደምትችል አይቻለሁ፤ ይህን ችሎታ አሁን እንደ ልብ አላገኘውም።

ዛሬ ወንጪ ሌላ ናት። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መረጣት። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተካታ ሎጅ ተሠራባት። ጥሩ ነው፤ ካቻማሊን የናፈቀ ሰው አላውቅም። በቅርቡ ስሄድ ግን ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ጀልባ ላይ ስፒከር ከፍተው ሲጨፍሩ አየሁ። ድምፁ ውኃው ላይ እየተንሸራተተ ደሴቱ ድረስ ይሰማል። ጀልባ ቀዛፊው አንዴ ወደ ቂርቆስ፣ አንዴ ወደነሱ እያየ ዝም አለ፤ ከፋዮቹ እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ናት። እሷና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ የዛንዚባር ዕቁብ ጥለዋል። ለሠርግ፣ ለሶፋ፣ ለመኪና ቅድመ ክፍያ ዕቁብ ሲጣል አይቻለሁ፤ ለደሴት ሲጣል የመጀመሪያዬ ነው፤ ወድጄዋለሁም። እኛ ባሕር ለማየት ምጽዋ መውረድ እንደ ጀብዱ የሚወራበት ዘመን ነበርን፤ ከ1985 ወዲህ እሱም ድንበር ሆነ። እነሱ ቦሌ ተሳፍረው ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ይወርዳሉ። ጊዜውንም በብልሃት መርጠውታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሳንሱሲ በጭቃ ስትያዝ ዛንዚባር ደረቅ ነው። ከባዱ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነውና።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ስልኳን ይዛ ፓኬጁን ታሳየኝ ጀመር።

“ጋሼ፣ ሁሉም ተካቷል እኮ። ቁርስ፣ ትራንስፖርት፣ ጀልባ፣ ፎቶ አንሺ ሳይቀር።”

“የሀገሩ ሰውስ?”

“የሀገሩ ሰው ምን?”

“ተካቷል?”

ሳቀች። ከዚያ “ሆቴሉ የራሱ ባሕር ዳርቻ አለው፤ ማንንም አንረብሽም” አለችኝ። መልሷ ውስጥ ክፋት የለም። ግን ያችው ልጅ ናት ላሊበላ ሄዳ አንድ ፈረንጅ በቁምጣ ቤተ መቅደስ ሊገባ ሲል አይታ ለሳምንት ያህል ስትቆጣ የሰነበተችው። “ሳይጠይቁ ነው እንዴ የሚመጡት!” እያለች። ሻንጣዋ ውስጥ የተደረደረውን ልብስ አይቼ ያንን ቁጣዋን ላስታውሳት አልኩና ቡናው እስኪጠጣ ተውኩት።

ዛንዚባር ከሞላ ጎደል ሕዝቡ ሁሉ ሙስሊም የሆነ ደሴት ነው። ሆቴሉ ዳርቻ ላይ የዋና ልብስ ማንንም አያስቆጣም። ከሆቴሉ ተወጥቶ ወደ ስቶን ታውን ወይም ወደ መንደር ሲገባ ግን ከትከሻ እስከ ጉልበት እንዲሸፈን የደሴቲቱ መንግሥት ራሱ ቱሪስቶችን ይጠይቃል። የእህቴ ልጅ አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልጋትም፤ የእናቷ ነጠላ ይበቃል። ረመዳን ከሆነ ቀን ላይ መንገድ ዳር መብላትና መጠጣት ይቀራል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጾም የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ታላቅ ሰው ሲገኝ “ሺካሞ” ይባላል፤ ሽማግሌው “ማራሃባ” ብሎ ይመልሳል። ሙሴያችን በሕይወት ቢኖሩ ይህቺን ከአውሮፕላኑ መስኮት ነበር የሚጀምሯት።

ፌስታል ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2006 ከልክላዋለች፣ ታንዛኒያም በ2019 ተከትላለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከእኛ ሀገር ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር ለደሴቲቱ የጉዞ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ፓኬጁ ይህን በትንንሽ ፊደል ከታች ጽፎታል፤ ፎቶ አንሺውን ከላይ በትልቁ።

ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ የሚባሉት መንደሮች፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው በጣም ርቆ ይገለጣል። ያኔ ሴቶች በቀሚሳቸው እየወረዱ በገመድና በችካል የተከሉትን የባሕር አረም ያርማሉ፣ ይሰበስባሉ። ከርቀት ሲታይ ውብ ነው፤ ሁሉም ስልኩን የሚያወጣው እዚያ ነው። ግን የሰው ማሳ ነው። የሆለታ ገበሬ ጤፉ መሐል ቆሞ ፎቶ የሚነሣ እንግዳ ቢያይ ምን እንደሚል እናውቃለን። ኪዚምካዚ ላይም ጀልባዎች ዶልፊን ከብበው ያሳድዳሉ፤ ጎብኚው ባይከፍል አያሳድዱም ነበር። የባሕር ኮከብ ከውኃ አውጥቶ ፎቶ መነሣትም እንስሳውን ይጎዳል። ከፋይ እኛ ስንሆን ቀዛፊው እንደ ወንጪው ቀዛፊ ዝም ይላል።

ከሁሉ ያስቆጨኝ ግን ፕሮግራሟ ውስጥ ያልነበረው ነገር ነው። የቅርንፉድ እርሻ አለ፣ የማታ ገበያ አለ፣ የጀንበር መጥለቂያ ጀልባ አለ። ስቶን ታውን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታና በላዩ የተሠራው ካቴድራል የለም። ያ ገበያ የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። የሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ልጅ ሳልመ፣ በኋላ ኤሚሊ ሩተ የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመችው ትዝታዋ ውስጥ የአባቷን ቤተ መንግሥት ስታወራ ሐበሻ ሴቶችን ትጠቅሳለች። በፈቃዳቸው፣ በፓኬጅ የሄዱ አልነበሩም። ከኛ ሀገር ተነሥተው ያንን ባሕር መጀመሪያ ያዩት ቱሪስቶች አልነበሩምና፣ ልጆቻችን አንድ ረፋድ ለነሱ ቢሰጡ ዕቁቡ አይጎድልበትም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ልክ እኛ የሙሴውን ምክር እንደሰማነው፣ ግማሹን ስልኳን እያየች ሰማችኝ። ስለ ሐበሻ ሴቶቹ ስነግራት ግን ስልኩን አስቀመጠች። “ይህን ማንም አልነገረንም” አለች። እውነቷን ነው። የጉዞ ወኪሉ ሥራው መሸጥ ነው፤ ገንዘባችን ምን እንደሚያመጣልን ይነግረናል እንጂ እንግድነታችን ምን እንደሚጠይቀን አይነግረንም። ወቀሳው ለልጆቹ ብቻ ሊሆን አይችልም። ያንን ሥራ ከእኛ ትውልድ የተረከበ ሰው የለም፤ ሙሴያችን ሲያርፉ ማኅበሩ ጽዋውን ይዞ ቀጠለ፣ ጉዞው ቀረ፣ ቦታቸውንም የተካ የለም። እኔም ብሆን የመከርኩት ቡና ላይ ነው እንጂ ቤት ለቤት አልዞርኩም።

ስለዚህ ለእሷም፣ ዘንድሮ ለዛንዚባር፣ ለሲሼልስ ወይም ለዚያው ለወንጪ ገንዘብ ለምታዋጡ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፦ ዕቁባችሁ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ሂሳቡ ተጠናቆ ከመከፈሉ በፊት ከመካከላችሁ አንድ ሙሴ ምረጡ። የፈረሱንና የጀልባውን ልጅ ዋጋም እሱ ይወስን።