ስድስተኛው ሳምንት

ባለፈው ዓመት ለታላቁ ሩጫ የተዘጋጀነው እንደ ዋዛ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሆነን የአሥራ ሁለት ሳምንት ሠንጠረዥ ከኢንተርኔት አውርደን፣ ቀለም ቀብተን ፍሪጅ ላይ ለጠፍን። አረንጓዴው ብዙና ዝግ ያለ ሩጫ፣ ብርቱካናማው ፍጥነት፣ ቀዩ ከውድድሩ በፊት የሚታረፍበት። (ቀለሙን የቀባችው ከሦስታችን ማን እንደሆነች አንናገርም።)

እናላችሁ፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ አንዷ ቅልጥሜን አመመኝ አለች። በዚያው ሳምንት የሥራ ኮንትራቷ ሳይታደስ ቀርቶ እንቅልፍ የሚባል አልነበራትም። እኛ ምን አልናት? «ብርቱካናማ ገብተናል እኮ!» ሮጠች። ኅዳር ላይ እኛ ስንሮጥ እሷ ቦርሳችንን ይዛ ቆማ ጠበቀችን።

ሠንጠረዡ ከየት እንደመጣ ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ሥሩ ሶቪየት ኅብረት ነው። ሌቭ ማትቬዬቭ የተባለ ሳይንቲስት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአትሌቱን ዓመት የዝግጅት፣ የውድድርና የሽግግር ወቅት ብሎ ከፈለው። መጀመሪያ ልምምዱ ይበዛል፤ ውድድር ሲቀርብ ብዛቱ ይቀንስና ይከብዳል። «ፔሪዮዳይዜሽን» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። (የአምስት ዓመት ዕቅድ አገር ውስጥ መወለዱ አይገርምም።)

ጆን ኪሊ የተባለ ተመራማሪ ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሞገተው። ደጋፊዎቹ የሚጠቅሷቸው ጥናቶች በአብዛኛው የሚለዋወጥ ልምምድን ከማይለዋወጥ ጋር ያነጻጸሩ ናቸው። መለዋወጡ እንደሚጠቅም ያሳዩ ይሆናል፤ ከወራት በፊት የተጻፈ ቅደም ተከተል ትክክል ነው ለማለት ግን አይበቁም። አንድ ዓይነት ልምምድ ሁለት ሰው ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አያመጣም። ጭንቀትም ሰውነት ልምምዱን የሚቀበልበትን መንገድ ይለውጣል። እዚህ ጋ ስንደርስ ዝም ዝም ተባባልን።

ባለ ቀለሟ ግን እጅ አልሰጠችም። «አርተር ሊዲያርድስ?» የኒውዚላንዱ አሠልጣኝ ሯጮቹን መጀመሪያ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ያስሮጥ ነበር፤ ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ ፍጥነት። ፒተር ስኔል በ1960 ሮም ላይ 800 ሜትርን፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ 800ንም 1500ንም አሸነፈ። እውነት ነው። ግን ያሸነፈው በቅደም ተከተሉ ነው? በኪሎ ሜትሩ ብዛት? ወይስ ስኔል ስኔል ስለሆነ? ወርቁ ብቻውን ይህን አይለይልንም።

ይህን ሁሉ ስንከራከር ቅልጥሟ የዳነላት ጓደኛችን ቁጭ ብላ ሰማችንና፣ «መጀመሪያ እንዴት አደርሽ በሉኝ፤ ስለ ኒውዚላንድ በኋላ ታወራላችሁ» አለችን። ይቅርታ ጠይቀናታል። የዘንድሮውን ቦርሳ ማን እንደሚይዝ ግን እስካሁን አልተስማማንም።