የንጉሥ ሰሎሞን ወጥ ለምን ቀላ?

በንግሥተ ሳባ ሥዕል ላይ ከዙፋኑም ከንግሥቲቱም ይልቅ አሳሳቢው ወጡ ነው። ብዙ ሠዓሊ ሞሰቡ ላይ ቀይ ወጥ ያሰፍራል፤ በርበሬው ከሩቅ ይታያል። ዘመኑ ሲሰላ ግን ነገሩ አይገጥምም። የንግሥቲቱንና የሰሎሞንን ታሪክ የሚተርከው ክብረ ነገሥት በግዕዝ መልኩን የያዘው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ነው። በርበሬ ደግሞ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ በዓለም የተሠራጨው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሱን ካቋረጠ በኋላ ነው። መጽሐፉ ሰሎሞን ንግሥተ ሳባን ማክዳን ውኃ ለማስጠማት ዓሣ፣ ኮምጣጤ የገባበት መጠጥና የሚያቃጥል ቅመም ያለበት ምግብ እንዳቀረበላት ይናገራል። ቅመሙ ቁንዶ በርበሬ ይሆናል እንጂ ዛሬ የምንደልዘው በርበሬ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ሠዓሊው ተሳሳተ?

አልተሳሳተም ባይ ነኝ፤ መጽሐፉን ለመገልበጥ አልተነሣማ። የሥዕሉ መጀመሪያ ላይ የሚገደለው ዘንዶ ከአፈ ታሪክ የመጣ ነው፤ ክብረ ነገሥት ውስጥ አይገኝም። በአንጻሩ መጽሐፉ የንግሥቲቱ ነጋዴ ታምሪን 520 ግመል እንደነበረው በቁጥር ሲያስቀምጥ፣ ከዚያ ሁሉ ግመል ሦስቱን የሳለ ሠዓሊ ለጋስ ነው። ቦታ አጥቶ ነው እንዳንል፣ ለድስቱ፣ ለብርሌውና ለአሳላፊዎቹ ቦታ አላጣም። ሠዓሊው ግመሉን በወሬ ያውቀዋል፤ ግብሩን ግን በልቶ ያውቀዋል። እጁ የረጋው የሚያውቀው ላይ ነው።

እዚህ ላይ፣ “ይህ ለፈረንጅ ገበያ የተሠራ ነው፤ ሞሰቡና ብርሌው የገዢውን ዓይን ለመሳብ የገቡ ጌጦች ናቸው” የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ግማሹ እውነት ነው። ከአድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ስትሰፋ የውጭ ሰው በረከተ፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ከቅዱሳን ሌላ የሚሸጥ ሥዕል መሥራት ጀመረ። በላቸው ይመር የዚህ መንገድ ጀማሪ ተደርገው ይነሣሉ። ነገር ግን ገዢ ርእስ ያዝዝ እንደሆነ እንጂ ወጡ ይቅላ ወይስ ይንጣ ብሎ አይጨቃጨቅም። ደግሞም ቅዱሳንን የሀበሻ ልብስ ማልበስ ከቱሪስት በፊት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የኖረ ልማድ ነው። ገበያው ልማዱን ሸጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ቅር የሚያሰኘው የሚዛኑ አድልዎ ነው። የቬኒሱ ሠዓሊ ፓኦሎ ቬሮኔዜ የጌታን የመጨረሻ እራት ሲሥል የጀርመን ወታደሮች፣ አጫዋች ድንክ ከነበቀቀኑ፣ አፍንጫው የሚደማ ሎሌ ሳይቀር አስገባበት። በ1573 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መርማሪዎች ጠርተው ሲጠይቁት ሠዓሊ እንደ ገጣሚና እንደ እብድ ነጻነት አለው ብሎ ተሟገተ። በራሱ ወጪ በሦስት ወር እንዲያስተካክል ተፈረደበት። እርሱ ግን ሥዕሉን እንዳለ ትቶ ርእሱን “በሌዊ ቤት የተደረገ ግብዣ” አለው፤ ነገሩም በዚሁ አለፈ። ዛሬ ይህን የኪነ ጥበብ ነጻነት ምሳሌ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው የእኛን ሠዓሊ ለሰሎሞን እንጀራ ስላቀረበ “የዋህ” የሚሉት። ሠዓሊያችን የዋህ ከሆነ ቬሮኔዜም ያው ነው።

እርግጥ ነው፣ ከሥዕሉ የጥንቱን የኢየሩሳሌም ቤተ መንግሥት ማወቅ የሚፈልግ ይሳሳታል። ጥፋቱ ግን የጠያቂው ነው። እነዚህ ሥዕሎች ስለ ሰሎሞን ዘመን የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእኛ ቤት ምን በምን እንደተበላ፣ ማን አቅርቦ ማን እንደቆመ፣ በምን እንደተጠጣ ግን በቂ ምስክር ናቸው። ስለዚህ ሥዕሉን ስታዩ ከንግሥቲቱ በፊት ሞሰቡን ተመልከቱ።