ዲስኩ ፎርማት ይደረግ ወይ?

በ2000 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ አንድ ማታ ኮምፒውተራችን ጠየቀን፦ «ድራይቭ ዲ ውስጥ ያለው ዲስክ ፎርማት አልተደረገም። አሁን ፎርማት ላድርገው?» ከሥሩ ሁለት በተን አለ፤ አዎ እና አይ። ሦስታችን እህትና ወንድማማቾች ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ማውሱን የያዘው ትንሹ ነበር። እጁን ያነሳነው በጥፊ ነው ማለት ይቻላል።

ዲ ባዶ አልነበረማ! ፊልሙም ዘፈኑም ይቅር፤ የእማማ ድምፅ እዚያ ነው ያለው። አያታችን ናት። በ1999 ፋሲካ ቡና እየተፈላ የልጅነቷን ስታወራ በካሴት ቀዳናት፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አረፈች። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥን በኋላ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል» ተባለና ዘፈን ተቀዳበት። (ማን እንዳለው እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ አይነሳም።) እናታችን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሲሰበሰብ ድምፁን እንድናሰማ አዛናለች።

ያን ቀን የሠራነው ጥፋት ቀላል ይመስላል። ዋናው ዲስክ በቫይረስ ተጨናንቆ ዊንዶውሱ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅበት፣ ኤክስፒን እንደ አዲስ ጫንን። «ሁለተኛው ዲስክ ለብቻው ነው፤ እሱ አይነካም» ብለን ነበር። እውነትም አልተነካም። ብቻ አልነበብ አለ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ገመዱን ነው። ማሽኑን ከፍተን ያንን ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ነቅለን ሰካን፣ ጃምፐሩን አየን። ያው ነው። ከሰፈር ኮምፒውተር ቤት የመጣው ልጅ ደግሞ «ፎርማት አድርጉትና በኋላ በሶፍትዌር እንመልሰዋለን» አለን፣ ሻይ እየጠጣ። ሰው ቤቱን አቃጥሎ በኋላ ከአመዱ ውስጥ ፎቶ ይፈልጋል? አመስግነን ሸኘነው።

ነገሩን የያዘችው እህታችን ናት። «ይሄ ዲስክ 127 ጊጋ ይላል፤ ድሮ 149 አልነበር?» አለች። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 160 ነው። 160ው 149 ሆኖ መታየቱ የአቆጣጠር ጉዳይ ነው፤ አምራቹ በሺህ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ይቆጥራል። 127 ግን ከየት መጣ?

የዚያን ጊዜ ዲስክ በ512 ባይት ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው። በድሮው አሠራር ቁጥሩ የሚጻፈው በ28 ቢት ነበር። ያ ማለት 268,435,456 ክፍል፣ ወይም 137 ቢሊዮን ባይት ገደማ ነው፤ በዊንዶውስ አቆጣጠር 128 ጊጋ፣ ስክሪኑ ላይ 127 ከምናምን ሆኖ የሚታይ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስፒ የሚያውቀው እስከዚያ ብቻ ነበር። በ2002 የወጣው ሰርቪስ ፓክ 1 ነው ወሰኑን ያነሳለት። የድሮው ዊንዶውሳችን ሰርቪስ ፓክ 2 ነበረው፤ ከመሳቢያ አውጥተን የጫንነው ሲዲ ግን ምንም ያልነበረው የመጀመሪያው ኖሯል። ሰፈሩን እስከ ወንዙ ድረስ ብቻ የሚያውቅ ደላላ ከወንዙ ማዶ ላለው ቤት «እንዲህ የሚባል ቤት የለም» እንደሚላችሁ ማለት ነው። ደላላው ግን ቢያንስ ቤቱን ላፍርስላችሁ አይልም።

የባሰው ደግሞ፣ በዚህ ሁኔታ ዲስኩ ላይ ቢጻፍበት፣ ከወሰኑ በላይ ሊያርፍ የሄደው ነገር ዞሮ መጀመሪያው ላይ ሊጻፍ ይችላል። ያለውን ደምስሶ። ይህን ስንሰማ ማሽኑን አጥፍተን ገመዱን ነቀልን።

ሰርቪስ ፓክ 2 ከ260 ሜጋባይት በላይ ነው። በቤታችን ዳያል አፕ፣ በሰከንድ 5 ኪሎባይት ከመጣ (እሱም ዕድል ነው)፣ ከ14 ሰዓት በላይ ስልክ መያዝ ማለት ነው። መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። በመጨረሻ ቢሮ የሚሠራ ጓደኛችን በፍላሽ አመጣልን። ሁለተኛውን ዲስክ እንደነቀልን ጫንን፣ ማሽኑን አጠፋን፣ ገመዱን መለስን፣ አበራን። ማንም አይተነፍስም።

149። «እማማ» የሚለውም ፎልደር ቦታው ላይ።

ዛሬ ያ ወሰን ታሪክ ነው፤ ጥያቄው ግን አዲሶቹም ዊንዶውሶች ላይ፣ ዲስክ ማንበብ ባቃታቸው ቁጥር አሁንም ብቅ ይላል። እኛም ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ ስንጭን መጀመሪያ የምናደርገው የሁለተኛውን ዲስክ ገመድ መንቀል ነው። የእማማ ድምፅ ደግሞ አሁን በሦስታችንም ቤት አለ።

በሙት ዓመቱ ቀን ዘመድ ተሰብስቦ ስፒከሩን ከፈትነው። ስኒ ሲንኳኳ ተሰማ፤ ቀጥሎ እማማ፦ «ይሄ ነገር አሁንም ይቀዳል? ኧረ አጥፉትና ቡናችሁን ጠጡ!» እናታችን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሣቀች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ክፈቱልኝ አለች።