ጠፍቷል ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን የማርክስ ጀነሬተር ቤቴ ልሠራ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ተነስቶ እንዴት 100 ሺህ ቮልት ይደርሳል?» ጥያቄው ደስ አሰኘኝ፤ «ቤቴ» የምትለዋ ግን አሳሰበችኝ። ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል ብዬ መልሱን እዚሁ ጻፍኩት።

እዚህ አርባ ምንጭ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የምታወጣን ባጃጅ መልሱን ይዛው ነው የምትዞረው። 12 ቮልት ብቻውን ካንዴላ ላይ ብልጭታ አይፈጥርም። ስለዚህ ሲዲአይ የምንላት ሣጥን ውስጥ ያለው ካፓሲተር መጀመሪያ በጥቂት መቶ ቮልት ይሞላል፤ ከዚያ ወደ ኮይሉ በቅጽበት ይለቀቃል። የኮይሉ ሁለተኛ ጥምጥም ከመጀመሪያው እጅግ የበዛ ዙር ስላለው ቮልቴጁ ከ10 ሺህ በላይ ይወጣል። ኢነርጂ አልተጨመረም እኮ! የተጠራቀመው ባንዴ ወጣ እንጂ።

ጀርመናዊው ኤርዊን ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው ዘዴ ደግሞ በካፓሲተር መደራረብ ነው የሚሠራው። ካፓሲተሮቹ በፓራለል ይሞላሉ፤ በመካከላቸው ያለውን የአየር ክፍተት ብልጭታ ሲዘለው በሲሪስ ይያያዛሉ። አስር ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ቁመቱ ያው የአንድ ሰው ነው፤ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቢቆም ግን የአስር ይሆናል። እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ቮልት የያዙ አስር ካፓሲተሮች ወደ 100 ሺህ ይጠጋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። ትራንስፎርመሮችና የመስመር ስኒዎች፣ ጨንጫ ተራራ ላይ የምናየውን ዓይነት መብረቅ መቻላቸው የሚፈተሸው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ። ባትሪውን ብትነቅለውም ካፓሲተሩ የያዘውን ይዞ ይቆያል። ሶኬቱ የተነቀለ ማይክሮዌቭ እንኳ ወደ 2 ሺህ ቮልት የሚሞላ ካፓሲተር አለው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን የተጠራቀመው ኢነርጂ አራት እጥፍ ነው። ባዶ ያደረጋችሁት ትልቅ ካፓሲተር እንኳ ትንሽ ቆይቶ በራሱ መልሶ ቮልት ሊያወጣ ይችላል።

ስለዚህ ልጄ፣ ብቻህን አትጀምረው። ላብራቶሪ ውስጥ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ቆሞ ሥራው። ጥገና ላይ ያላችሁም ብትሆኑ መጀመሪያ በሬዚስተር አፍስሱ፣ በሜትር ለኩ፣ ጫፍና ጫፉን በሽቦ አገናኝታችሁ ተዉት። እጃችሁ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።