መዝገባችንን ወደ ደመና ስናዛውር

የአገራችን ገበሬ ደመናን የሚያየው በተስፋና በሥጋት መካከል ሆኖ ነው። በክረምት መግቢያ ሲዘገይበት ያዝናል፤ አዝመራው ከደረሰ በኋላ ሲመጣበት ደግሞ ይፈራዋል። እኔ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ስለ ሆንሁ ይህን ስሜት በሩቁ ብቻ ዐውቀው ነበር። ዳሩ ግን የምሠራበት የንግድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የሒሳቡንና የዕቃውን መዝገብ ወደ «ደመና» የማዛወሩን ሥራ በኀላፊነት በሰጡኝ ጊዜ የገበሬው ጭንቀት በሌላ መንገድ ደረሰኝ።

ይህ ደመና በሰማይ የሚንሳፈፍ ነገር እንዳይመስላችሁ፥ ክቡራን አንባብያን። ስሙ ደመና ይባል እንጂ ነገሩ በምድር ላይ የተሠራ፥ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኀይልና ማቀዝቀዣ ያለው፥ ኮምፒዩተሮች በብዛት የተደረደሩበት ታላቅ ቤት ነው። ባለቤቶቹ እነዚህን መኪናዎች ለሚፈልጋቸው ሁሉ በተሠራባቸው ሰዓት ልክ ያከራያሉ፤ ተከራዩም በኢንተርኔት እየገባ ይሠራባቸዋል። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ኪራይ ለሕዝብ የከፈተው እ. ኤ. አ. በ2006 ሲሆን፥ በ2020 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን የራሱን ቤቶች ከፍቷል። የእኛም መዝገብ እንዲሄድ የታሰበው ወደዚያው ነበር።

ድርጅቱ፥ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፥ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ነው፤ ቆርቆሮ፥ ፌሮ፥ ምስማርና ቧንቧ ይሸጣል። የቀድሞው ሰርቨር በደረጃ ሥር በምትገኝ ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፥ መብራት በጠፋ ቍጥር እያቃሰተ ዕድሜውን ጨርሶ ነበር። እኔም በኅዳር ወር 2016 ዓ. ም. ዕቅዴን ጽፌ፥ ሥራው በሒሳብ ዓመቱ መጨረሻ በሰኔ 30 እንዲፈጸም ቀን ቈረጥሁ። ስለ መኪናው ኀይል፥ ስለ መስመሩ ፍጥነትና ስለ ምስጢር ቃሉ ያልጻፍሁት ነገር አልነበረም። ስለ ግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ግን የጻፍሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርሱም «ከግምጃ ቤት የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ይተርፋል» የሚል ነበር።

እኚህ ሰው በዚያ ግምጃ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን።

በመጋቢት ወር የዕቃዎቹን ዝርዝር ከአሮጌው መኪና አውጥተን ብናይ፥ አንዱ ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ በአራት ስም ተመዝግቦ ተገኘ። አንዱ ጸሓፊ «ቧንቧ ግማሽ»፥ ሌላው «ትንሹ ቧንቧ»፥ ሌሎቹም የመጣበትን አገር ስም እየጨመሩ ጽፈውታል። አንድ ዕቃ አራት ስም ሲኖረው ሒሳቡም አራት ይሆናልና፥ የጐደለውና የተረፈው አይለይም። እኔም ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ፥ ሁለት ወጣቶች ይዤ የሚመሳሰሉትን ሁሉ በአንድ ሌሊት አዋሐድኋቸው። በማግሥቱ ዝርዝሩን ለጋሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ ከቈዩ በኋላ፥

«ልጄ፥ ይህን ቆርቆሮ አንድ ያደረገው ማን ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፥ ጋሼ። ርዝመቱም መልኩም አንድ ነው።»

«አንዱ ባለ 32 ጌጅ ነው፤ ሌላው ባለ 35። ቍጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። አንተ እንዳደረግኸው ብንሸጥ፥ የወፍራሙን ዋጋ ከፍሎ ስሱን ተሸክሞ የሚሄድ ድኻ አለ። ቤቱ ያፈሰሰበት ቀን የሚረግመው ደመናህን አይደለም፤ ከእጄ የተቀበለውን እኔን ነው።»

ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል፥ ማታ ማታ በምስማር ካርቶኖች መካከል ተቀምጠን፥ እርሳቸው ቢን ካርዶቻቸውን እየገለጡ፥ እኔ እየጻፍሁ፥ እያንዳንዱን ዕቃ በአንድ ስምና በአንድ ቍጥር መዘገብን። ሥራ አስኪያጁ «የመኪናው ኪራይ ይቈጥራል፥ እናንተ ስለ ምስማር ስም ትከራከራላችሁ» እያሉ ይቈጡ ነበር። እኔን ግን ከቍጣቸው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ያች በዕቅዴ ውስጥ የጻፍኋት መስመር ነበረች። ሽማግሌው ከቤታቸው ያመጡትን ቈሎ እያካፈሉኝ ዐይናቸውን ለማየት እፈራ ነበር።

ዝውውሩ የተፈጸመው ሰኔ 30 እሑድ ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ፥ ቆጠራ ተደርጎ፥ ያለ ብዙ ችግር አለፈ። ከዋናው ሌላ የመዝገቡ ቅጅ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ ብዬ አጥብቄ በመጠየቄ ሥራ አስኪያጁ ከልክ ያለፈ ፍርሃት አድርገው ቈጥረውብኝ ነበር። ነገር ግን በመጋቢት 2013 ዓ. ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የኮምፒዩተር ቤት በእሳት ሲጋይ፥ በሌላ ስፍራ ቅጅ ያላስቀመጡ ደንበኞች መዝገባቸውን አጥተዋል። ደመናም ይቃጠላል።

ያላሰብሁት መከራ የመጣው ከገንዘብ በኩል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር ገደማ የነበረውም ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኪራያችን የሚከፈለው በዶላር ነበር። በነሐሴ ሒሳቡ ሲቀርብ ሥራ አስኪያጁ ዕቅዴን ከመሳቢያቸው አውጥተው፥ በዚያች መስመር ላይ ጣታቸውን አኖሩና «እንግዲህ ይህ ይፈጸም» አሉኝ።

ሦስት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንሁ። ሌሊቱን የኪራዩን ዝርዝር በመስመር በመስመር ስመረምር፥ በየካቲት ለሙከራ የተከራየናቸው ሁለት መኪናዎች ሙከራው ካለቀ በኋላ ማንም ሳይዘጋቸው ሌሊትና ቀን ሲሠሩ እንደ ኖሩ አገኘሁ። እንዲዘጉ ማዘዝ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ዋናውም መኪና ለሥራችን ከሚበቃው በእጥፍ የሚበልጥ ነበር፤ እርሱንም የመረጥሁት እኔው ነኝ። ገብቼ ጥፋቴን ሁሉ ተናገርሁ፤ በዚህ የሚተርፈውም ገንዘብ ከአንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንደሚበልጥ በወረቀት አሳየሁ። ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ ብዕራቸውን አንሥተው መስመሩን ሰረዙት። የእኔም የዚያ ዓመት ጭማሪ አብሮ ተሰረዘ፤ በዚህ ላይ የምለው የለኝም።

በመስከረም አንድ ቀን ማታ ወደ ግምጃ ቤቱ ስወርድ፥ ጋሼ የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የዕቅዴ አራተኛ ገጽ ነበር። በመጋቢት ዝርዝሩን ስሰጣቸው ተደርቦ በእጃቸው ገብቶ ኖሯል።

«ያንተ ነው» አሉኝ፤ ሌላም አልተናገሩ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ደመናህ ባለ 35ቱ ስንት ቀረ ይላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ስልኬን ገልጬ «212» አልሁ።

ካርዳቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩ። «እዚህ 214 ይላል። ና፥ እንቍጠር» ብለው ቁልፋቸውን አንሥተው ከፊቴ ቀደሙ።